ዋቢያችሁን ጥሩ

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን የግልገል በለስ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

እኔ የዚህችው ከተማ መምህር ነኝና እንግዳ መቀበሉም ንግግሩም በእኔ ላይ ወድቋል።

አዘጋጅ ኮሚቴው ርእሱን ለእኔ ትቶልኛል። ዙሪያውን ስመለከት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለነው መካከል መመረቂያ ጽሑፍ ያልጻፈ የለም። ግማሻችን ደግሞ ዛሬ አማካሪዎችና ፈታኞች ነን። ስለዚህ ርእሴን ምንጭ መጥቀስ አድርጌዋለሁ። ከአሁኑ ወደ ሰዓታችሁ ያያችሁ እንዳላችሁ ይታየኛል። ኮማ የት ትገባለች፣ ቅንፍ የት ይዘጋል የሚለውን መመሪያው ይነግራችኋል፤ እሱን አልደግምም። ልናገር የምፈልገው መመሪያው ስለማይነግረን ነገር ነው፤ በተለይ መተከልን፣ ሰፋ ስናደርገውም ቤኒሻንጉል ጉሙዝን ስናጠና ስለሚገጥመን።

ቃሉ የኛው ነው

ብዙ ተማሪ ምንጭ መጥቀስን «ፈረንጅ ያመጣው ጣጣ» ይለዋል። እስቲ ቃሉን እንየው። በመጽሐፋችን መጨረሻ ላይ «ዋቢ መጻሕፍት» ብለን እንጽፋለን አይደል? ዋቢ ዋስ ነው፤ ለሰው ቃል አብሮ የሚቆም፣ ቢጠየቅ የሚገኝ ሰው ነው። በድሮው ሙግት ተሟጋቹ ችሎት ፊት ሲቀርብ «ዋስህን ጥራ» ይባል ነበር። ቃሉ ብቻውን አይበቃም። ዛሬም መምህሩ ተማሪውን «ይሄን ከየት አመጣኸው?» ሲለው ያንኑ ጥያቄ ነው የሚጠይቀው።

ፍትሐ ነገሥትን ያገላበጠ ሰው ደግሞ በየአንቀጹ መካከል አጫጭር ምልክቶች ያያል። መጽሐፉን በ13ኛው ክፍለ ዘመን በዐረብኛ ያዘጋጀው የግብፁ ክርስቲያን ሊቅ አስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል ነው፤ በኋላ ወደ ግእዝ ተመለሰ። እነዚያ ምልክቶች እያንዳንዱ ድንጋጌ ከየትኛው ቀኖና እንደተወሰደ የሚናገሩ ናቸው። የምልክቶቹም ፍች በመግቢያው ተቀምጧል። ዛሬ በቅንፍ የምናስገባው የደራሲ ስምና ዓመት ከዚህ በምን ይለያል? የቅኔ ተማሪስ ቢሆን «የማን ቤት ነህ?» ሲባል የዋሸራ፣ የጎንጅ ወይም የዋድላ ብሎ ይመልስ የለም? ዕውቀቱ ከየት እንደመጣ ሳይናገር ተቀኘሁ የሚል አልነበረም።

ስለዚህ ሥርዓቱ ባዕድ አይደለም። ሥራውም ሁለት ብቻ ነው፤ አንደኛው ላወቀው ሰው ባለቤትነቱን መስጠት፣ ሁለተኛው የተጠራጠረ ሰው ሄዶ እንዲያይ መንገድ መተው ነው።

መተከል ላይ ለምን ይከብዳል?

ይህች ዞን ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ አገው፣ አማራና ኦሮሞ አብረው የሚኖሩባት ናት። በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ደግሞ መንግሥት ባካሄደው ሠፈራ ከወሎ፣ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከሌላም ቦታ ብዙ ሕዝብ ወደ ፓዌ መጣ። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ «አካባቢው ከጥንት ጀምሮ የእነ እገሌ ነው» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ቀላል ነገር አይደለም። ጸሐፊው ማን እንደነገረው ሳይገልጽ ያስቀምጠዋል። ሌላው ተማሪ በሁለተኛው ዓመት ከመደርደሪያ አንሥቶ ይገለብጠዋል። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ «ጥናቶች እንደሚያመለክቱት» ተብሎ ይጀምራል። የትኞቹ ጥናቶች? አንድ ሰው አንድ ቀን ያለው ነገር ነው እኮ በሦስት እጅ አልፎ ጥናት የሆነው።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ ዞን የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰው ሞቷል፣ ቤት ተቃጥሏል፣ ብዙ ሰው ከቀየው ተፈናቅሏል። «እንዲህ ተባለ» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። አባቶቻችን «ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላሉ። የተማረ ሰው መላ ደግሞ ምንጩን መጠየቅ ነው። የዩኒቨርሲቲ ማኅተም ያለበት ወረቀት ከወሬ የሚለየው በሌላ በምንም አይደለም፤ ተመልሶ ሊጣራ በመቻሉ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ በሥራ ላይ የሚያጋጥሙንን አምስት ነገሮች አንድ በአንድ ላንሣ።

አንደኛ፣ ስም

መተከልን ለማጥናት የተነሣ ሁሉ የሚደርስበት አንድ መጽሐፍ አለ። የወልደሥላሴ አቡቴ ነው፤ የጉሙዞችንና ከደጋ የመጡ ሠፋሪዎችን ኑሮና ግንኙነት ያጠኑበት፣ በ2004 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በእንግሊዝኛ የታተመ። ይህን መጽሐፍ በየጽሑፉ ተጠቅሶ ስታዩት አንዱ ጋ «ወልደሥላሴ»፣ ሌላው ጋ «አቡቴ» ይላል። የባሕሩ ዘውዴም የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ «ዘውዴ፣ 1991» እየተባለ ይጠቀሳል። በኛ አገር ስም አሰጣጥ ሁለተኛው ስም የአባት ነው፤ የቤተሰብ ስም አይደለም። ስለዚህ «ዘውዴ እንደጻፉት» ስንል መጽሐፉን ለአባታቸው ሰጠን ማለት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ችግር ደግሞ ቀልድ አይደለም። የመተከልን ሠፈራና በጉሙዝ ላይ ያስከተለውን ጉዳት ካጠኑት ምሁራን አንዱ ገብረ ይንቲሶ ናቸው። ስማቸው አንዳንድ ቦታ በራሳቸው፣ አንዳንድ ቦታ በአባታቸው ስም ይገባል። የኮምፒውተር ማውጫ ይህን ሲያይ አንዱን ሰው ሁለት ሰው ያደርገዋል፤ ሥራቸውንም ለሁለት ይከፍለዋል። በአንዱ ስም ብቻ የፈለገ ተማሪ ግማሹን አያገኝም። «ወልደ» እና «ሥላሴ» ተለያይተው የተጻፉ ዕለት ደግሞ ጭራሽ «ሥላሴ፣ ወ.» የሚባል ደራሲ ይፈጠራል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ኢትዮጵያዊ ደራሲ በራሱ ስም ይግባ፤ የአባቱ ስም ያለ ኮማ ይከተል፤ ሁለቱም ሳያጥሩ ሙሉ ይጻፉ። «ታ. ታምራት» ታደሰ ይሁን ታምሩ ማን ያውቃል? የውጭ መጽሔት በራሱ ደንብ ካስገደደ ይሁን፤ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ አንድ ዓይነት ይሁን። የላቲኑን አጻጻፍም ደራሲው በመጽሐፉ ሽፋን ላይ እንዳስቀመጠው ውሰዱ። የታደሰ ታምራት ስም በላቲን ፊደል የሚጻፈው በሁለት ዲ ነው፤ በአንድ ዲ ብትፈልጉት ሊያመልጣችሁ ይችላል። «መተከል» ራሱ አንዳንዱ ጋ በአንድ ቲ፣ አንዳንዱ ጋ በሁለት ቲ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በአማርኛ ስንጽፍ ጨዋነታችንን አንርሳ። «ባሕሩ ዘውዴ (1991) እንደጻፉት» ማለት ያምራል፤ «እንደጻፈው» ብለን በወረቀት ላይ ታላላቆቻችንን አንተ አንበል። «ዶክተር» እና «ፕሮፌሰር» ግን በዋቢው ዝርዝር ውስጥ ቦታ የላቸውም፤ እነሱ ለደብዳቤ ናቸው።

ሁለተኛ፣ ዓመት

የታላቁ ህዳሴ ግድብ መሠረት ድንጋይ የተጣለው በዚሁ ዞናችን፣ ጉባ ውስጥ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 2 ቀን 2011 ማለት ነው። አሁን የተነሣው የገብረ ይንቲሶ አንድ ጽሑፍ ደግሞ የታተመው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ ተማሪ ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ «2003» ብቻ ብሎ ቢጽፋቸው አንባቢው የአንድ ዓመት ነገር ያደርጋቸዋል። በመካከላቸው ግን 8 ዓመት አለ። ጽሑፉ የተጻፈው የግድቡ መሠረት ድንጋይ ከመጣሉ አስቀድሞ መሆኑ ይጠፋል ማለት ነው።

ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 እንደምንጨምር ሁላችንም እናውቃለን። ችግሩ የወሩ አለመታወቅ ነው። በ1994 ዓ.ም. የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ ወሩ ካልተጻፈበት 2001ም 2002ም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን አንገምት። መጽሐፉ ላይ ያለውን ዓመት «ዓ.ም.» ብለን እንዳለ እናስቀምጥ፤ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሆነ በጎኑ «2001/02» እንበል። ጥቂት ፊደል መጨመር ነው፤ ግን ስምንት ዓመት ያድናል።

ሦስተኛ፣ ቁጥር

ይህንን በተለይ የኢኮኖሚና የጤና ተመራማሪዎቻችን አድምጡኝ። የክልላችን ሕዝብ ብዛት በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ስንት ነበር? እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሁለት መልስ አገኛለሁ፤ ሁለቱም ትክክል ነው። የሕዝብ ቆጠራ ኮሚሽን በዲሴምበር 2008 ያወጣው ማጠቃለያ ሪፖርት 670,847 ይላል። ከዚያ በኋላ የወጣው ዝርዝር የስታቲስቲክስ ሪፖርት ደግሞ 784,345 ይላል። ልዩነቱ ከ113 ሺህ በላይ ሰው ነው። የአገር አቀፉም ድምር እንዲሁ ነው፤ በማጠቃለያው 73,918,505 የነበረው በኋላኛው 73,750,932 ሆኗል።

ቆጠራው አንድ ነው፤ መሥሪያ ቤቱም ያው ነው። ታዲያ «ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ፣ 2007» ብቻ ብሎ ያለፈ ተማሪ የትኛውን ቁጥር እንደያዘ ማን ይነግረናል? የክትባት ሽፋን፣ የትምህርት ቤት ተሳትፎ፣ የነፍስ ወከፍ በጀት ሁሉ ለዚህ ቁጥር ይካፈላል። አካፋዩ ሲለያይ መልሱም ይለያያል፤ ሁለት ተማሪዎች ያለ አንዳች ስሕተት ሁለት የተለያየ ሽፋን ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱ ስም አይበቃም። የሪፖርቱ ርእስ፣ የወጣበት ጊዜና የሰንጠረዡ ቁጥር ይጻፍ። «ከወረዳው ጽሕፈት ቤት የተገኘ» የምንለውንም ቁጥር በየትኛው ሪፖርት፣ በየትኛው ወር እንደተሰጠን እንጻፍ። ጽሕፈት ቤት ራሱ አይናገርም፤ የሚናገረው ሰነዱ ነው።

አራተኛ፣ የሽማግሌው ቃል

ለእኔ ዋናው ይህ ነው።

ስለ አካባቢያችን ከተጻፈው ጽሑፍ ብዙው የተገኘው ከሰው አፍ ነው። ተማሪው ወደ ማንዱራ፣ ወደ ዳንጉር፣ ወደ ቡለን ይወርዳል፤ ሽማግሌዎች ከጥላው ሥር ወንበር አውጥተው ያስቀምጡታል፤ ግማሽ ቀን ያወሩለታል። ከአንድ ዓመት በኋላ ጽሑፉ ሲወጣ ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ የተወሰደው እያንዳንዱ መስመር ስምና ዓመት ከነገጹ አለው። የሽማግሌው ቃል ግን «የአካባቢው ነዋሪዎች እንደሚሉት» ተብሎ ያልፋል። ሽማግሌው ስንት ሰው ናቸው? እኒያ ሰው ስም አልነበራቸውም?

ተማሪውን ብቻ መውቀስም አይገባም። ብዙዎቻችን የምንከተለው የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር መመሪያ ለሌላ አንባቢ የማይገኝን የግል ንግግር በዋቢ ዝርዝር ውስጥ አያስገባም፤ በጽሑፉ መካከል ብቻ ይጠቀሳል። ከሕግ አንጻር ሲታይ ምክንያት አለው፤ አንባቢ ሄዶ ሊያገኘው አይችልም። ውጤቱ ግን ምን መሰላችሁ? ስለ ጉሙዝ በተጻፈ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ የዋቢ ዝርዝሩን ስታነቡ አንድም ጉሙዝ አታገኙም።

ይህ የእኛ ብቻ ቅሬታ አይደለም። በካናዳ የክሪ ሕዝብ ተወላጅ የሆነች ሎሪሲያ ማክላውድ የተባለች የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነባር ሕዝቦች ሽማግሌዎች በዋቢ ዝርዝር ውስጥ እንደ መጽሐፍ የሚገቡበትን ቅርጽ አዘጋጀች፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጽፋለች። የሽማግሌው ስም፣ ሕዝቡ፣ የሚኖርበት ቦታ፣ የተናገረበት ጉዳይና ቀኑ ይጻፋል። የማኅበሩም መመሪያ በሰባተኛው እትሙ ለነባር ሕዝቦች ዕውቀት ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥቷል።

እኛ ግን ከካናዳ መበደር አያስፈልገንም፤ በቤታችን አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል መመረቂያ ጽሑፎችን ያየ ሰው መጨረሻ ላይ አንድ ሰንጠረዥ ያገኛል። የመረጃ ሰጪው ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቀንና ቦታ፣ በመጨረሻም «አስተያየት» የሚል ዓምድ አለው። በዚያ ዓምድ ውስጥ ሰውየው ምን እንደሚያውቅና ከየት እንደሚያውቀው በሁለት መስመር ይጻፋል። ያቺ ሰንጠረዥ ትልቅ ነገር ናት። ከታሪክ ክፍል ወጥታ ወደ ቋንቋ፣ ወደ ማኅበረሰብ ጥናት፣ ወደ ግብርና፣ ወደ ባህላዊ ሕክምና ጥናት ሁሉ ብትገባ እላለሁ።

በእኛ አካባቢ ሁለት ዓምድ ይጨመርላት። አንደኛው ቋንቋ ነው። ሽማግሌው በጉሙዝኛ ይናገራሉ፤ አንድ ወጣት ወደ አማርኛ ያስተረጉማል፤ ተማሪው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል። ቃሉ በሦስት አፍ አልፏል። አስተርጓሚው ካልተጠቀሰ በሁለተኛው አፍ ላይ የተለወጠውን ነገር ማንም ሊያጣራ አይችልም። ደግሞም ቀኑን ሙሉ በፀሐይ አብሮ የዋለ ልጅ ነው፤ ስሙ ይገባዋል። ሁለተኛው ዓምድ «ያዩት ወይስ የሰሙት?» የሚል ነው። ቤልጅጋዊው የታሪክ ሊቅ ያን ቫንሲና ስለ አፈ ታሪክ በጻፋቸው ሥራዎች አጥብቀው ያስተማሩት ይህንን ነው፤ የቃል ምስክርነት ሰንሰለት ነውና ቀለበቶቹን ቁጠሩ። ሽማግሌው ሠፈራው ሲመጣ በዓይናቸው አይተው ይሆናል፤ ስለ አያታቸው ዘመን የሚነግሩን ግን የሰሙትን ነው። ሁለቱም ዋጋ አለው፤ ዋጋው ግን አንድ አይደለም።

አሁን ከባዱን ነገር ልናገር። ስም መጥቀስ ክብር የሚሆነው ሰውየው ከፈቀዱ ብቻ ነው። ስለ ቆሎ አዘገጃጀትና ስለ ማር አቆራረጥ ለነገረን ሰው ስሙ ክብሩ ነው። ስለ ግጭት፣ ስለ ወሰን፣ ማን ማንን እንደጎዳ ለነገረን ሰው ግን ያው ስም አደጋ ሊሆን ይችላል። ከነቀበሌው፣ ከነዕድሜው፣ ከነሥራው የጻፍነው ሰው በትንሽ መንደር ውስጥ ስሙ ባይጠራም ይታወቃል። ስለዚህ መጀመሪያ እንጠይቅ፤ «ስምዎ ይጻፍ ወይስ ይቅር?» ይቅር ካሉ «መረጃ ሰጪ 4» ብለን ቁልፉን እኛና አማካሪያችን ዘንድ እናስቀምጥ። ስም የለም ማለት ግን ምንጭ የለም ማለት አይደለም፤ ቁጥሩ፣ ወሩና የንግግሩ ዓይነት ይኑር። ይህንን ውሳኔ ተማሪው ለብቻው አይወስን። አማካሪ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አምስተኛ፣ ያላየነውን መጥቀስ

የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይ ደርሶ ጉዞውን በ1790 በአምስት ቅጽ አሳተመ። ስለ ምዕራቡ ቆላ የሚጽፍ ተማሪ «ብሩስ፣ 1790» ብሎ ይጠቅሳል። አምስቱን ቅጽ አይቷቸዋል? ብዙ ጊዜ ያገኘው በሌላ ሰው መጽሐፍ ውስጥ ነው። እንዲህ ከሆነ ያንን መናገር ነውር የለበትም፤ «ብሩስ፣ በእገሌ እንደተጠቀሰው» ይበል፤ በዝርዝሩ ውስጥም ያነበበውን መጽሐፍ ብቻ ያስገባ። ነውሩ ያላነበቡትን እንዳነበቡ ማስመሰል ነው። መካከለኛው ሰው ገጹን ተሳስቶ ከሆነ ስሕተቱም አብሮ ይወረሳል።

ይኸው የቆየ ነገር ዛሬ አዲስ ልብስ ለብሶ መጥቷል። ሰው ሠራሽ አስተውሎቱን «ስለ መተከል ሠፈራ አምስት ጥናት ስጠኝ» ብትሉት ከነደራሲው፣ ከነመጽሔቱ፣ ከነገጹ አሳምሮ ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ግን አንዳንዱ ከነጭራሹ የሌለ ጽሑፍ ይሆናል። በ2023 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ሁለት ጠበቆች በቻትጂፒቲ ያገኟቸውን ስድስት የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች ጠቅሰው ለፍርድ ቤት አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ጠበቃ እንዲህ ከሆነ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ምን ይሆናል? ስለ እኛ አካባቢ የተጻፈው ጥቂት መሆኑ ነገሩን ያብሰዋል፤ መሣሪያው በቂ ነገር ባላገኘ ቁጥር ከራሱ ይሞላል። መመሳሰልን የሚለካው ሶፍትዌርም እዚህ አይረዳንም። እሱ የሚያወዳድረው በራሱ ጎተራ ካለው ጽሑፍ ጋር ነው። ከመደርደሪያ ላይ ካለ የድሮ መመረቂያ ጽሑፍ ወይም ከሽማግሌ ቃል የተወሰደውን አያውቀውም። የፈጠራ ዋቢማ ከማንም ጋር ስለማይመሳሰል ንጹሕ ሆኖ ያልፋል።

በዚሁ ላይ አንድ የአክብሮት ነገር ልናገር። በድሮዎቹ መጻሕፍት ውስጥ የዚህ አካባቢ ሕዝቦች በስድብ ስም ተጠርተዋል። መጽሐፉን መጥቀስ ካስፈለገ ስሙ በጥቅስ ምልክት ውስጥ፣ በዚያ ደራሲ አፍ ይቅር። ከጥቅሱ ስንወጣ በራሳችን ዐረፍተ ነገር ሕዝቡ ራሱን በሚጠራበት ስም እንጥራው። የምንጭ አጠቃቀስ ምልክቶች አንዱ ጥቅማቸው ይኸው ነው፤ የማን ቃል እንደሆነ ይለያሉ። ምልክቱ ሲጠፋ የሌላው ስድብ የኛ ይሆናል።

ምን እናድርግ?

መምህራን፣ በመጀመሪያ ወደ እናንተ። ጽሑፍ ስንፈትን የዋቢውን ዝርዝር ቅርጽ እናያለን፤ ኮማዋ የጎደለች እንደሆነ ቀይ እናሰምርባታለን። ከዚያ ይልቅ ሦስት ዋቢ በዕጣ እናውጣና «አምጣቸው» እንበል። ገጹን ከፍቶ ያሳየን። ከቃለ መጠይቁም አንዱን መርጠን ማስታወሻውን ወይም ድምፁን እንጠይቅ። ግማሽ ሰዓት አይወስድም። ተማሪው ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ካወቀ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማስታወሻውን በሥርዓት ይይዛል።

ለማኅበራችን ደግሞ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ስለዚህ ክልል የጻፍነውን የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ፣ የትም እንማር የት፣ አንድ አንድ ቅጂ እዚህ ክልል ውስጥ እናስቀምጥ፤ ዝርዝሩንም በየዓመቱ በዚህ መጽሔት እናውጣ። መተከልን ለማጥናት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ የሌለበት ተማሪ ይኑር። በዚህች ከተማ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ፤ ነገ በየመንደሩ የሚያስተምሩት እዚያ የሚሠለጥኑት ናቸውና ቅጂው ለእነሱ ቅርብ ቢሆን እመርጣለሁ። ሁለተኛ፣ በስልካችንና በየካሴቱ ያሉ የሽማግሌ ድምፆች አሉ። ባለቤቶቹ የፈቀዱትን ከነስማቸው፣ ከነቀናቸው፣ ከነአስተርጓሚያቸው በአንድ ቦታ እናሰባስብ። ያን ጊዜ የግል ንግግር የነበረው ሌላ ሰው ሄዶ የሚሰማው ምንጭ ይሆናል፤ መመሪያውም በዋቢ ዝርዝር እንዳይገባ ምክንያት ያጣል። ሦስተኛ፣ ጽሑፉ ሲያልቅ ወደ ተናገሩት ሰዎች ይመለስ። በቋንቋቸው ይነበብላቸው። «እንዲህ አላልኩም» የሚሉት ካለ ከፈታኝ ሁሉ የሚበልጥ እርማት ነው፤ የሚያስፈራን ካለ ደግሞ እሱን ነው ቀድመን ማወቅ ያለብን።

ይህን ሁሉ የምለው ሰንጠረዥ ስለምወድ አይደለም። በ1970ዎቹ ሠፈራው ሲመጣ ዐዋቂ የነበሩ ሰዎች ዛሬ አርጅተዋል። ጉሙዙም ሠፋሪውም። አሁን ያልጠየቅናቸውን ነገር ነገ የምንጠይቀው የለንም፤ የጠየቅናቸውንም ስማቸውን ካልጻፍን የተናገሩት ነገር ከማንኛውም ወሬ ጋር ይቀላቀላል። በመተከል ታሪክ ላይ የሚከራከር ሰው ወደፊትም አይጠፋም። ተከራካሪዎቹ ወረቀታችንን ሲከፍቱ ቢያንስ ማን ምን እንዳየ፣ ማን ምን እንደሰማ ለይተው ያግኙ። ክርክሩ በዚያ ላይ ይሁን።

ከሻይ በኋላ የቅጂ ማሰባሰቡን ዝርዝር ይዤ በሩ አጠገብ እቆማለሁ። የጽሑፋችሁን ርእስ፣ ዓመቱን ከነ«ዓ.ም.» ወይም ከነ«እ.ኤ.አ.»፣ ስማችሁንም ከነአባታችሁ ሳታሳጥሩ ጻፉልኝ።